ክፍል 38፦ ከቀኑ 8:47

እየቀዳ ነው? ቀዩ በርቷል። እሺ።

እንደምን ሰነበታችሁ። የአከራዬ አውራ ዶሮ ዛሬ እስካሁን ዝም ብሏል። እየጠበቀኝ ነው። ባለፈው አንዷ «ከአንተ ይልቅ ዶሮው ሐሳቡን ይጨርሳል» ብላ ጽፋልኛለች። እውነቷን ነው።

ዛሬ ስለ ማርቆስ ክረምት ላወራ ነበር። ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት አይነሳም፣ ያጠብኩት ካልሲ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፣ ምናምን። አልሆነልኝም። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው።

የጋሼ ነገር ነው። አዎ፣ ኤክስ ጋሼ፤ ኮምፒዩተር በምጠብቅበት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍሉ ሰው።

ስንት ጊዜ ስቀንባቸዋል እዚህ። «ጋሼ፣ ኤክስ አይበሉ፣ ሳይን አውት ይበሉ» የሚለውንማ እናንተም በቃላችሁ ይዛችሁታል። አንዱ ሻይ ቤት አግኝቶኝ ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ «ሳይን አውት አልክ?» ብሎኛል። ሳቅኩ። አሁን ሳስበው... ቆይ፣ በቅደም ተከተል ልሂድ።

ጋቢዋን ታስታውሳላችሁ አይደል? ሒሳብ ክፍሎችን ያስተማርኩባት። ሰው ቤት እንግዳ ሆነህ ሄድክ። ስትወጣ ሁሉንም ተሰናብተህ፣ ጋቢህን ደርበህ ከወጣህ ሳይን አውት ነው። ጋቢህን ወንበሩ ላይ ጥለህ ውልቅ ካልክ ግን ያ ወንበር አሁንም ያንተ ነው። ማንም አይቀመጥበትም፣ ቡናህም ይቀዳል። ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ፣ ማለትም ካንተ ጠረጴዛ ሆነህ ሰርቨር የሚባለው የጋራው ኮምፒዩተር ላይ ስትሠራ፣ ኤክስ ብሎ መውጣት እንደዚያ ነው። መስኮቱ ካንተ ዓይን ይጠፋል እንጂ ሰርቨሩ ላይ የከፈትከው ሁሉ እንደተከፈተ ነው። ሜሞሪ ይበላል፣ ፋይል ይይዛል። ሰርቨሩ ስምህ አጠገብ «ዲስክ»፣ ተቋርጧል ማለቱ ነው፣ ብሎ ይጽፍና ይጠብቅሃል። ካላስቆሙት ዝንተ ዓለም ይጠብቃል። መጀመሪያ ሲጫን ለተቋረጠ ሰው ምንም የጊዜ ገደብ የለውም።

ገደብ ማድረግ ይቻላል። ከ1 ደቂቃ እስከ 5 ቀን መምረጥ ነው። እኔ ነኝ የተውኩት። ምክንያቱም እዚህ መብራት ይጠፋል። የሒሳብ ክፍል ኮምፒዩተሮች ድርግም ሲሉ ሰርቨሩ አይጠፋም፤ ጄኔሬተሩ ለሰርቨሩ ክፍልና ለኃላፊው ቢሮ ይደርሳል። ለእነዚህ ሁለት ብቻ። አትጠይቁኝ። እና ሰዎቹን ምን አልኳቸው? «መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ። ሲመጣ ተመልሳችሁ ግቡ፣ ሁሉም እንደነበረ ይጠብቃችኋል» አልኳቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ከሆነስ ጥሩ አሽከር ነው» አሉ።

ይቺን ያዙልኝ።

በነገራችን ላይ ለየራሳቸው አካውንት ስከፍትላቸው በጣም የተከራከሩኝ እሳቸው ነበሩ። ድሮ አምስቱም በአንድ ስም ነበር የሚገቡት። የይለፍ ቃሉ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ጽዳቷ እንኳ ታውቀዋለች። «ለየብቻ መሆን አለበት፣ ማን ምን እንደሠራ እንዲታወቅ» ስላቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሠላሳ ዓመት ስፈርም እኔ ማን እንደሆንኩ ጠፍቶህ ነው፣ ልጀ?» አሉኝ። ዝም ነው ያልኩት። ምን ይባላል። በኋላ ግን ከሁሉም በላይ አካውንታቸውን የሚጠብቁ እሳቸው ሆኑ። ሲጽፉ በእጃቸው ይከልሉት ነበር። ከእኔም ጭምር።

እና ስድሳ ሞላቸው። ጡረታ።

ሰኔ 27። የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ጠዋት ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ እየሠሩ ነበር። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እዚህ ግን እስከ ምጽአት ፒችትሪ ነው። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል መብራት ጠፋ። ሁሉም ወደ ምሳ ተበተነ። እኔ ሰርቨሩ ክፍል ነኝ፣ ለእኔ መብራት አለ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ከሰው ሀብት ክሊራንስ ይዘው መጡ። ንብረት ክፍል ፈርሟል፣ መዝገብ ቤት ፈርሟል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። «የተጠቃሚ አካውንት ተዘግቷል» የሚል መስመር አለችው። ዘጋሁ፣ ፈረምኩ። አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ናት።

አልሰረዝኩትም፣ ሰውን ወዲያው አልሰርዝም። ዊንዶውስ ሰውን በስሙ አይደለም የሚያውቀው፣ ከስሙ ጀርባ ባለ ረጅም ቁጥር ነው። አካውንቱን ሰርዘህ በዚያው ስም መልሰህ ብትከፍት ሌላ ሰው ነው የፈጠርከው። የድሮ ፋይሎቹን ሊከፍት ሲል «አላውቅህም» ይባላል። ስለዚህ መዝጋት ይሻላል። ይህን አውቅ ነበር። አካውንት መዝጋት አስቀድሞ ገብቶ ያለን ሰው እንደማያስወጣም አውቅ ነበር። በሩን ከውጭ ትቆልፋለህ፤ ጋቢው ግን ውስጥ ወንበሩ ላይ ነው። አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ፣ ሰውም አስተምሬያለሁ። ግን አላየሁም። ማን እንዳለ ለማየት አንዲት ቃል መጻፍ ነበር። አምስት ፊደል። ኪው፣ ዩ...

እሺ ይቅር።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ስንብት አደረግንላቸው። ድፎ ዳቦ፣ ቡና። ጃንጥላ ገዝተን ሰጠናቸው፣ ያ ትልቁ ጥቁሩ። ንግግር ተደረገ። እኔም ተነሳሁ። ማን ተነስ አለኝ? ተነሳሁና «ጋሼ፣ አደራ፣ ዛሬም ኤክስ ብለው እንዳይሄዱ!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ሳቁ።

ያችን ሳቅ ነው ሳምንቱን ሙሉ የማያት። ስኒው በግራ እጃቸው ነበር። መጀመሪያ ሰዎቹን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ። በዚህ ቅደም ተከተል። ከሳቁ በኋላ ስኒውን ቁልቁል አዩት። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር መሰለኝ። ወይስ ዳቦ ነው የጎረሱት? በዚያን ሰዓት አላየሁም ነበር፤ አሁን ነው የማየው። እውነት አይቼው ነው ወይስ አሁን እየጨመርኩበት ነው፣ እሱን እንጃ።

ሐምሌ 16። በጀት መዝጊያ። ፒችትሪ ዓመቱን ሲዘጋ ሌላ ሰው እንዲገባበት አይፈልግም። «ሌላ ተጠቃሚ አለ» ብሎ ድርቅ አለ። የሒሳብ ኃላፊዋ ከጀርባዬ ቆመዋል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ያችን ቃል ጻፍኩ። ዝርዝሩ መጣ። የጋሼ ስም። ዲስክ። 19 ቀን ከ4 ሰዓት ከ52 ደቂቃ።

እና ምን አልኩ መሰላችሁ? «አዩ፣ በመጨረሻ ቀናቸው እንኳ ኤክስ ብለው ሄዱ!» ሳቅን። እንደገና።

ውስጡን ሳየው ሁለት ነገር ተከፍቷል። ፒችትሪና ኖትፓድ፣ ያቺ ተራ ማስታወሻ መጻፊያ። ኖትፓድ! የዊንዶውስ 11ዱ አዲሱ ኖትፓድ ቢሆን ያልተቀመጠ ጽሑፍ ያስታውስ ነበር። የእኛ ሰርቨር የ2016ቱ ነው። ከዘጋኸው ዘጋኸው። አካውንታቸውን መልሼ ከፍቼ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይሬ ልገባና ላየው እችል ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አልገባሁም። የሰው ነገር ነው ብዬ። በእጃቸው ሲከልሉት ትዝ ብሎኝ። ወይም... ኃላፊዋ ቆመው ስለነበር። አሁን ለይቼ መናገር አልችልም። ያኔ የነገርኩት የመጀመሪያውን ነው።

ደወልኩ። አንዴ። ለጊዜው ማግኘት አይችሉም አለችኝ። ሐምሌ ነው፣ አምበር አካባቢ ያለው መሬታቸው ላይ ናቸው፣ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ነው፣ ኔትወርኩም እንደ ጭጋጉ ነው። ሁለተኛ አልደወልኩም።

በግድ የሚያስወጣውን ትእዛዝ ጻፍኩ፦ ሎግኦፍ፣ ቁጥር 4፣ ኢንተር። ምንም ድምፅ የለውም። ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ በቃ።

እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ይዤ እንቅልፍ ነበረኝ። እንቅልፍ የነሳኝ የሰኞው ነው።

ሰኞ አንዷ ልጅ «አላስገባ አለኝ» አለችኝ። የእሷን ላጣራ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። ለመግባት ተሞክሮ ያልተሳካውን ለብቻው አወጣሁት፤ ቁጥሩ 4625 ነው። የእሷ ተራ ነገር ነበር፣ የይለፍ ቃል ነው የሳተችው። ዘግቼ መውጣት ስችል ወደ ኋላ ወረድኩ። ለምን? ሥራ ፈትነት። ሰኔ 27 ላይ ሦስት መስመር አለ። ስሙ የጋሼ። ኮዱ «የይለፍ ቃል ተሳስቷል» አይልም። «አካውንቱ ተዘግቷል» ነው የሚለው። ኮምፒዩተሩ 14:47 ይላል። በእኛ 8:47። ቀጥሎ 8:48። ከዚያ 8:51።

ሦስት ደቂቃ። በ8:48 እና በ8:51 መካከል ምን እያደረጉ ነበር?

ኤክስ አላሉም እኮ! መብራት ጠፍቶ ነው የተቋረጡት። መብራት ሲመጣ፣ እኔ ያስተማርኳቸውን አምነው፣ እንደነበረ ይጠብቀኛል ብለው ተመልሰው መጡ። ጥሩ አሽከር ነው ብለው። እና «አካውንትህ ተዘግቷል፣ አስተዳዳሪህን አነጋግር» አላቸው። አስተዳዳሪያቸው እኔ ነኝ። ያለሁት ሁለት በር አልፎ ነው። አሥራ አምስት እርምጃ። ትናንት ቆጠርኩት።

አልመጡም። አርባ ደቂቃ ቆይቶ እኔ ተነስቼ ቀለድኩባቸው።

ለምን አልመጡም? «ገና ሳልወጣ ዘጉብኝ» ብለው ይሆን? ወይስ ኖትፓዱ ላይ ያለው ነገር ምንም አይደለም፣ የሽንኩርትና የዘይት ዝርዝር ነው? ሊሆን ይችላል። የእድሩ ሒሳብም ሊሆን ይችላል፣ እሳቸው ናቸው የሚይዙት የነበሩት። ሊያነቡልን ያሰቡት ንግግርም ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ተናገሩ ሲባሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ነው የተቀመጡት። እኔ ትሕትና መስሎኝ...

አይ። ይሄን ወደ ቲያትር አልቀይረውም። የዘይት ዝርዝር ነው።

ረቡዕ ደወሉልኝ። እሳቸው! ስማቸውን ስክሪኑ ላይ ሳይ ላብ አሰመጠኝ። «ልጀ፣ ደህና ሰነበትህ? ያች የልጅ ልጄ ስልክ ሞላሁ ሞላሁ ይላል።» ሃያ ደቂቃ ፎቶ አጠፋን። «ይህችን አጥፋት፣ ይህችን አታጥፋት» እያሉኝ። ጤፉ እንዴት ነው አልኩ። ደህና ነው። ዝናቡ? ደህና ነው። ከዚያ የታወቀው የጎጃም ስንብት መጣ፤ «በል ደህና ሁን» ብሎ እንደገና መጀመር። ሦስት ጊዜ ተሰናበቱኝ። በሦስቱም መሀል ክፍተት ነበር። ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ጋሼ፣ ያን ቀን...» ማለት ነው። ከዚያስ? «ምን ጽፈው ነበር?» ልበል? ምንም ቢሉኝ ያው አይደለም እንዴ።

ኃላፊዋ አሁን ገደብ አድርግበት ብለውኛል። የተቋረጠ ሰው በ1 ሰዓት ውስጥ ይውጣ። ልክ ናቸው። መብራት ሁለት ሰዓት ሲጠፋስ? እሱም ልክ ነው። እስካሁን አልነካሁትም። ገብቼ አየዋለሁ፣ እወጣለሁ።

ደግሞ መዝገቡ መጠን አለው። ሲሞላ ከታች የድሮውን እየደመሰሰ ነው አዲሱን የሚጽፈው። ስለዚህ ያች 8:47 አንድ ቀን በራሷ ትጠፋለች። ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት። ቀድቼ ላስቀምጣት ብዬ ከፍቼ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት። የት ነው የማስቀምጣት? ስሟንስ ማን ልበላት? «ሴቭ» የሚለው ላይ ደርሼ...

በለው! መጣ። ሰማችሁት? እኔ አፌን ስከፍት ነው እኮ የሚጠብቀው። ቆይ መስኮቱን ልዝጋው...