ሦስት ጊዜ ሄጄ ያላየሁት ወንዝ

እንደምን ከረማችሁ። ድምፄ ትንሽ የደከመ ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም። ይህን የምቀዳው ከአንድ ሸለቆ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ዛሬ ጠዋት ደረጃ የወረድኩት ግድግዳ ይዤ ነው፤ አንዱን እግር አውርጄ ሌላውን አጠገቡ እያሳረፍኩ፣ ልክ መራመድ እንደጀመረ ሕፃን። የሚገርመው ደረጃ መውጣት ብዙም አያስቸግረኝም። የሚያቃጥለኝ መውረዱ ነው።

ቁልቁለት ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ ክብደታችንን የሚይዘው እየተለጠጠ ነው፤ ፍሬን እንደተያዘ መኪና። እንዲህ የሚሠራ ጡንቻ በጥቃቅኑ ይጎዳል፤ ሕመሙ የሚብሰው ግን በዕለቱ ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በምወርድበት ሰዓት እግሬ ምንም አልነገረኝም። ዝም ብሎ ሒሳቡን ሲጽፍ ነበር።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሸለቆ ነው። ስሙን አልናገርም፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል። ደን የለበሰ ደጋ ነው። ከሩቅ ሲታይ ዛፍ ብቻ ነው፣ ገደል ያለበት አይመስልም፤ አፋፉ ላይ ስትደርሱ ግን መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከታች ወንዝ አለ። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ውሃውን ሳላየው ተመልሻለሁ።

እኔ ሸለቆን የምቆጥረው እንደ ተገለበጠ ተራራ ነው። ተራራ ሐቀኛ ነው፤ ከባዱን ሥራ ጠዋት፣ ጉልበታችሁ ትኩስ ሳለ ይጠይቃችኋል። ካቃታችሁ ፊታችሁን ታዞራላችሁ፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ሸለቆ ግን ጠዋት ያባብላል። ጥላው ቀዝቃዛ ነው፣ መንገዱ ወደ ታች ነው፣ በየመታጠፊያው "እዚያች ድንጋይ ድረስ ብቻ" ያሰኛል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው የተረት በሬ እንደ ሞኝ ሲነገርበት ኖሯል፤ እኔ ግን ከሦስቱ ጉዞዎች ወዲህ ፈራጅ ለመሆን አፍ የለኝም።

በ1892 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ አንድ ቀላል የሰዓት ስሌት አውጥቶ ነበር፤ ዛሬም ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 4 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ 600 ሜትር ከወረዳችሁ፣ መመለሻው ወደ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ግን ዕረፍት ሳይቆጠር፣ ደህና መንገድ ላይ፣ ጠንካራ እግር ላለው ሰው ነው። ሐረግ በተጠላለፈበት ደን ውስጥ እኔ ስሌቱን በሁለት አባዛዋለሁ፤ እሱም አንዳንዴ አይበቃኝም።

የመጀመሪያው ጉዞዬ የጥፋቴ ጉዞ ነው። ዱካው ጠፋኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ ያለሁበትን የምታሳየው ነጥብ አንዴ ከገደሉ በላይ፣ አንዴ ከወንዙ ማዶ ትዘላለች። ግራና ቀኝ የቆመው አለት ሳተላይቶቹን ይከልላል፣ የሚደርሰውንም ምልክት እያንጸባረቀ ያወናብደዋል። ያኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ምክር ትዝ አለኝ፦ ከጠፋህ ውሃ ተከተል፣ ውሃ ወደ ሰው ያደርስሃል። አንዲት ትንሽ ጅረት አገኘሁና ተከተልኳት።

ለሜዳ አገር ምክሩ መልካም ሊሆን ይችላል። ለሸለቆ ግን ክፉ ምክር ነው። ዋናው ወንዝ ብዙ ውሃ ስላለው አለቱን በፍጥነት ቆርጦ ይወርዳል፤ ትንሿ ገባር አቅም ስለሌላት እኩል መቁረጥ አትችልም። በዚህ የተነሣ ገባሮቹ ከዋናው ሸለቆ በላይ ተንጠልጥለው ይቀሩና መጨረሻቸው ፏፏቴ ይሆናል። የእኔዋም ጅረት ሁለት ትንንሽ እርከኖች በቂጤ እየተንሸራተትኩ ካስወረደችኝ በኋላ ሦስተኛው ላይ አየር ውስጥ ገባች። ከጫፉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ቁልቁል ብመለከት የዛፍ አናት ነው የሚታየው። የወንዙ ድምፅ ከዚያ በታች ይመጣል። በተንሸራተትኩባቸው እርጥብ አለቶች ተመልሶ መውጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አፋፉ ላይ የደረስኩት በባትሪ ብርሃን፣ ጉልበቴ ደምቶ ነበር።

ቤት ገብቼ ካርታውን ሳየው ያ ገደል የለም። የከፍታ መስመሮቹ የተሰመሩት በየ20 ሜትሩ ነው፤ 15 ሜትር ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ተውጦ ሊቀር ይችላል። ካርታው አልዋሸም። እኔ ነኝ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ነጭ ቦታ ደህና መሬት ብዬ ያነበብኩት።

ሁለተኛውን ጉዞ ከእኔ በዕድሜ ብዙ ከሚበልጡ፣ "ጋሼ" ከምላቸው ሰው ጋር ሄድኩ። በሌላ አቅጣጫ ወረድን፣ አንድ ገባር መሻገር ነበረብን። ውሃው ከጉልበት በታች ነው፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ወርዱ የሰፋበትን ቦታ መርጠናል፤ ውሃ በሰፋበት ይሳሳል። ብንወድቅ ቦርሳው አብሮን እንዳይጎትት የወገቡን መቀነቻ ፈትተናል። አንድ እግሬን ላስገባ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ቅጠሉን አየኸው?"

አየሁት። ቅጠል ይንሳፈፋል፤ ደን ውስጥ ምን ያስገርማል?

"አረንጓዴ ነው" አሉኝ። "አሁን የተበጠሰ ነው።"

"ጋሼ፣ ሰማዩን አያዩትም? አንዲት ደመና የለም እኮ።"

"እዚህ የለም።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ውሃው ደፈረሰ፤ ከዚያ እረግጠዋለሁ ብዬ የመረጥኩት ድንጋይ ጠፋ። ድምፁም ተለወጠ፤ ሲንሿሿ የነበረው ማጉረምረም ጀመረ፣ ከሥሩ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እግር ላይ የሚያሳርፈው ኃይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን አባባል እስከዚያ ቀን እንደ ጨዋታ ነበር የምሰማው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 27 ቀን 1999 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ኢንተርላከን አጠገብ ባለው የሳክሰተን ጅረት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የነበሩ ቱሪስቶችና አስጎብኚዎች እንዲህ ያለ ደራሽ ውሃ አገኛቸው። 21 ሰዎች ሞቱ። ዝናቡ የጣለው ከእነሱ በላይ፣ ተራራው ላይ ነበር። ስለዚህ አሁን ሸለቆ ከመግባቴ በፊት የማየው የራሴን ሰማይ አይደለም፤ ወንዙ ከየት እንደሚመጣ ካርታ ላይ እፈልግና የዚያን አገር ሰማይ እጠይቃለሁ።

በዚህ ሳምንት እንደገና ሁለታችን ሄድን። ከመነሳታችን በፊት ተስማማን፦ የትም ብንደርስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ይህ ውል መታሰር ያለበት አፋፉ ላይ ነው፤ ታች ሆኖ የሚደራደር ሰው በጠዋት ጉልበቱ ስለማታው ይፈርዳል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት ጠባብ የአለት እርከን ላይ ደረስን። ከአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ውፍረቷ የእጅ አንጓ የምታህል ጠማማ ዛፍ ወጥታለች። ካናዳ ውስጥ፣ የናያግራ ገደላማ አፋፍ ላይ፣ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ድንክ ዛፎችን ቀለበት ቆጥረው ከ1000 ዓመት በላይ የኖሩ እንዳሉባቸው አግኝተዋል። መጥረቢያም እሳትም እዚያ ስለማይደርስባቸው፣ አፈር ስለሌለም ስለማይቸኩሉ ነው። የእኛዋ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ እንጃ፤ ልይዛት ዘርግቼው የነበረውን እጄን ግን ሰበሰብኩ።

እዚያ ተቀምጠን ለጋሼ ስለ ወለማይ ዛፍ አወራኋቸው። በ1994 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከሲድኒ ሰሜን ምዕራብ ባሉት ደን የለበሱ ተራሮች፣ ዴቪድ ኖብል የተባለ የፓርክ ሠራተኛ በገመድ አንድ ጥልቅ ሸለቆ ወርዶ የማያውቀውን ዛፍ አየ። እንዲህ ያለ ዛፍ ይታወቅ የነበረው ከቅሪተ አካል ብቻ ነበር። በዱር ያሉት አዋቂ ዛፎች 100 አይሞሉም። ቦታው እስካሁን በምስጢር የተያዘው ሌባ ተፈርቶ ብቻ አይደለም፤ በጫማ ሥር ተጣብቆ የሚገባ አፈር ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ነው። በቅን ልብ ሊያያቸው የሚሄድ ሰው በጫማው ሊገድላቸው ይችላል። የእኔን ሸለቆ ስም ያልነገርኳችሁ ለዚህ ነው። ምናልባት አጉል ጥንቃቄ ነው፤ ምናልባትም ትንሽ ስስት አለበት።

ጋሼ ጫማቸውን ገልብጠው ሶሉን አዩት። ከዚያ ሰዓታቸውን። "ስድስት ሆኗል" አሉ።

ወንዙ ከሥራችን ነበር። ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሠላሳ። ድምፁ ከማዶው ገደል እየተመታ ስለሚመለስ ከሁለት ወገን ይመጣል፤ የት እንዳለ በትክክል ማወቅ አይቻልም፣ እንዳለ ብቻ ነው የሚታወቀው። እግሬ ያኔ ምንም አላመመኝም ነበር። ተነሥተን አቀበቱን ጀመርን።

ከመነሳታችን በፊት ግን ስልኬን እርከኑ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድቼዋለሁ። ዝናብ ይመስላል፣ ዝናብ ግን አይደለም። መጀመሪያ ላይ የምትሰሙት ኳኳታ የጋሼ ምርኩዝ ነው። ላሰማችሁ።

[የወንዝ ድምፅ]