ዓይኑን ግን ተይው

እሺ። ሰላም ናችሁ? ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም። ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ ነው የማወራው፤ ድምፁ ካልጠራ ይቅር በሉኝ። ከላይ ያለው ጎረቤታችን ዛሬም ግድግዳ እየበሳ ነው። እሱን ሳንሰማ ያለፈ ክፍል የለንም መቼስ።

የማወራው ስለ እሁድ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። አራት ቀን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ናት፤ ሥራ ቦታም፣ ታክሲ ውስጥም። ለእህቴ ልነግራት ደወልኩና ስለ ሌላ ነገር አውርተን ዘጋን። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያቺ የአይሻዶ ፓሌት፣ የዓይን ቀለም ሳጥኗ፣ ደረሰች። አዎ፣ ያቺው። ስለሷ ስንት ጊዜ እንዳሰለቸኋችሁ አውቃለሁ። እህቴ በካልሲ ጠቅልላ ከዲሲ በሚመጣ ሰው ላከቻት፤ አንድም ቀለም ሳይሰበር ገባች። ስከፍታት ዓይኔን የያዘው ሰማያዊው ነው። የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ላይ የሚዘረጋው ጥላ፣ ያ ከፋዩ፣ ልክ እሱን የመሰለ ሰማያዊ። ለረጅም ጊዜ እዚህ የምገዛቸው አይሻዶዎች ሳጥናቸው ውስጥ ሰማያዊ ሆነው ይታዩና እኔ ቆዳ ላይ ሲያርፉ ኖራ ይሆናሉ። ታልኩ፣ ነጩ ዱቄት፣ ይበዛል፣ ቀለሙ ያንሳል። ጠይም ሰው ላይ ይኼ ወዲያው ያስታውቃል። ይኼኛው ግን አንዴ በጣቴ ነክቼ ክንዴ ላይ ሳሰምረው ራሱ ነው። ምንም አልቀነሰም።

እሁድ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ቁጭ አልኩ። የመብራት ብርሃን ይዋሻል፣ በቀን ብርሃን ነው መሥራት። መጀመሪያ ዓይን፣ ፊት በኋላ። ይኼን ብዙ ጊዜ ብያለሁ ግን አሁንም የሚጠይቀኝ ሰው አለ። እንዲህ ዓይነት ቀለም የበዛበት አይሻዶ ይረግፋል፤ ፋውንዴሽኑን፣ ማለቴ የፊት ቅባቱን፣ አስቀድማችሁ ከተቀባችሁ ሰማያዊው ዱቄት ጉንጫችሁ ላይ ይወርድና ስትጠርጉት ይጨማለቃል። የዓይን ቆብ ላይ ትንሽ ኮንሲለር፣ መሸፈኛ ቅባት፣ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ቀለሙን በጣት ጫፍ ትጫኑታላችሁ። አትጥረጉት፣ ተጫኑት። ጠርዙን ብቻ በንጹሕ ብራሽ ታለሰልሱታላችሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። የፓሌታችሁን ጀርባ አንብቡ። እኔ ሮዙን ከተቀባሁ በኋላ ነው ያነበብኩት። አንዳንዶቹ ደማቅ ሮዝና ቀይ ቀለሞች ጀርባቸው ላይ ለዓይን አካባቢ የታሰበ አይደለም ይላል። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ ቀይ ቀለሞች ለዓይን አካባቢ አልተፈቀዱም፤ ለዚህ ነው አይሻዶ ብለው ሳይጽፉ በሌላ ስም የሚሸጧቸው። አጠብኩት፣ ግን ሐምራዊ ጥላው እስከ ማክሰኞ አልለቀቀኝም። የተፈቀደው ቀይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካርሚን ነው። ካርሚን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቁልቋል ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚወጣ ቀለም ነው፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ጾም ላይ ስለሆንን ይኼን ለእማዬ አልነገርኳትም። አይበላም፣ አውቃለሁ። ግን እሷን ስለማውቃት ነው፣ ዝም አልኩ።

እና እማዬ መጣች። ከቅዳሴ፣ ነጠላዋን እንዳደረገች። እኔ አንድ ዓይኔ ሰማያዊ፣ አንዱ ባዶ።

የእማዬን ነገር ታውቃላችሁ። «ፊትሽን አታበላሺ» የምትለዋን። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስትለኝ ኖራለች። ቆማ አየችኝ። ለስድቡ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። «እስቲ ለኔም አድርጊልኝ» አለች።

እንዲህ ነው ያለችው። አልቀለደችም።

እዚህ ጋ ትንሽ ላቁም። እማዬ ቀለም የማታውቅ ሴት አይደለችም። እንሶስላ ትሞቃለች፣ ለበዓል እስካሁንም። ድዷን ጎጃም እያለች በልጅነቷ ተነቅሳለች፣ ስትስቅ ጥርሷ ላዩ ላይ ያበራል። ኩል ትኳላለች፤ ከድንጋዩ አንዳንዱ እርሳስ፣ መርዛሙ ብረት፣ አለበት እያልኩ ስጨቀጭቃት ሰምታችኋል፣ አልተወችም። የምትጠላው ፋውንዴሽን ነው። እኔ ለዓመታት ሁሉንም አንድ ላይ ትጠላለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ለይቼ አይቼው አላውቅም ነበር፣ እስከ እሁድ።

እና ማድያት አለባት። ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ፣ ግንባሯ ላይ፣ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ። ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ፊቷን የምታዞረው ለዚህ መስሎኝ ነበር። እኔም ባለፈው ዓመት ጀምሮኛል፣ ነግሬያችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ስንት አለቀስኩ። ስለዚህ በሙሉ የሚሸፍነውን ፋውንዴሽን የገዛሁት ለራሴ ነው። ግን ስትቀመጥ ሐሳቤ ተለወጠ። ዛሬ እማዬን ላስደስታት አልኩ።

ዓይኗን ሰማያዊ አደረግኩላት። ቆቧ ሳስቷል፣ ቆዳው ከጣቴ ስር ይሸበሸባል፣ በሌላ እጄ በቀስታ ወደ ላይ ያዝኩት። ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿ እጄ ላይ ይሰማኛል። የቅዳሴው ዕጣን ነጠላዋ ላይ አለ። እንደዚህ ቀርቤያት አላውቅም። ማለቴ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ።

ከዚያ ፊት። ማድያት ላይ ፋውንዴሽን ብቻ ከደረባችሁ ግራጫ ይሆናል፣ አመድ የነካው ይመስላል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው የሚገባው። የጠቆረው ቦታ ላይ ብቻ፣ በስሱ። ብርቱካናማው ያን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ያጠፋዋል፣ ከዚያ ፋውንዴሽኑን በእርጥብ ስፖንጅ እየደቃችሁ ትጭናላችሁ። አንዴ ወፍራም አትቀቡ። ሁለቴ ስስ ይሻላል፣ በመሃል ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ።

ስለዚህ ነገር ብዙ አንብቤያለሁ፣ ታውቁኛላችሁ፣ አንድ ነገር ከያዘኝ አልተውም። አሜሪካ ውስጥ ሊዲያ ኦሊሪ የምትባል ሴት ነበረች። ፊቷ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ምልክት ይዛ ነው የተወለደችው፣ እኛ ማርያም የሳመችው የምንለው ዓይነት። እሱን የሚሸፍን ቅባት ራሷ ሠራች፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የፈጠራ መብት አገኘችበት። ከቨርማርክ ይባላል። እና አስቡት፣ እኛ ማርያም ሳመችው ብለን የምናልፈውን ሌላ አገር ያለች ሴት ለመሸፈን ዕድሜዋን ሰጠች። ማንንም አልፈርድም። ፊቷ ነው። እኔም እኮ የማደርገው እሱን ነው። ስፖንጁን ይዤ ይኼን እያሰብኩ ነበር።

ደግሞ ቀለሙን ማግኘት ራሱ። ዘፋኟ ሪሃና እ.ኤ.አ. በ2017 የራሷን ፋውንዴሽን፣ ፌንቲን፣ በ40 ዓይነት ቀለም ስታወጣ እኔ ሁለት ጠርሙስ እጄ ጀርባ ላይ እየቀላቀልኩ ነበር ሥራ የምሄደው። እሁድ ለእማዬም ቀላቀልኩ። እሷ ከኔ ትንሽ ጠቆር ትላለች፣ ቀላ ያለ ነገር አለባት። አንገቷ ላይ ሞከርኩት፣ ጠፋ፣ ቆዳዋ ሆነ። በጣም ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዛ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ማድያቱ የለም። የትም።

መስታወቱን ሰጠኋት።

ይኼን ነው ደጋግሜ የማየው። ተቀበለችኝ፣ መነጽር ስላላደረገች መጀመሪያ ራቅ አደረገችው። ከዚያ አቀረበችው። በሌላ እጇ ጉንጯን ልትነካ ሄደችና ሳትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ። ጣቶቿ ላይ የእንሶስላው ቀለም ደብዝዞ ይታያል። ዝም። ላይ ያለው ሰውዬ እንኳን ያን ሰዓት አልበሳም። እና «ይኼ አንቺ ሳትወለጂ የነበረኝ ፊት ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ማለቴ አውቀዋለሁ፣ እዛው ነበርኩ፣ ግን እንዴት እንዳለችው አሁንም ይጠፋብኛል። በደስታ ነው? ለቅሶ ቤት እንደምናወራው ዓይነት ነው? «ነው» ስትል ድምፅዋ ወረደ፣ ወይስ እኔ በኋላ ነው ያወረድኩት? ማድያቱ እኔን ስታረግዝ እንደወጣባት አላውቅም ነበር። ብዙ ሴት በእርግዝና እንደሚወጣባት አውቃለሁ፣ ስለዚህ እዚሁ ስንት ጊዜ አውርተናል፣ ሆርሞኑን፣ ፀሐዩን፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ እንደሚብስ። ስለ ሌላ ሰው ነበር የማወራው። የእናቴ ፊት ላይ ያለው የኔ መምጣት ምልክት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

እና እኔ ምን አልኩ? «አማረብሽ አይደል?» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። የሆነ ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ። ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልመጣልኝም፣ በአራት ቀን እንኳን። ዝም ብል ይሻል ነበር ይሆናል።

መስታወቱን ጭኗ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። «አጥቢልኝ» አለች። አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ውሃ ስጪኝ እንደማለት ነው ያለችው።

ፎጣ በሞቀ ውሃ ነከርኩ፣ ማስለቀቂያውን አመጣሁ። ከግንባሯ ጀመርኩ። ቡኒው ሲነሳ ስሩ ያለው ብርቱካናማ ብቅ አለ፣ ከዚያ እሱ ሲነሳ ማድያቱ። በቀኝ፣ ከዚያ በግራ። ቅርጹን እስከዛሬ አስተውዬው አላውቅም። የግራው ከቀኙ ይሰፋል፣ ወደ ጆሮዋ ይሄዳል። እየጠረግኩ ሳለ ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ። ለሸፈንኩት ነው ወይስ ላመጣሁት? ይኼን ስል ራሴ ትንሽ ያሳቅቀኛል። ሕፃን በእናቱ ፊት ላይ ምን ያደርጋል? ምንም አላደረግኩም። አውቃለሁ።

ወደ ዓይኗ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። አንጓዬ ላይ፣ ጠበቅ አድርጋ። «ዓይኑን ግን ተይው» አለች።

ተውኩት። እኔ ቡና አፈላሁ፣ ቆሎ አቀረብኩ፣ እሷ እዚያ ሰማያዊ ዓይን ይዛ ተቀመጠች። ማድያቷም እንዳለ፣ ሰማያዊውም እንዳለ። ጎረቤቴ ስትገባ አይታት «እትዬ፣ ምን ጉድ ነው ዛሬ!» አለች፣ እማዬ ሳቀች፣ ድዷ ታየ። ሦስተኛውን ጠጣች፣ መረቀችን፣ ነጠላዋን አስተካክላ ታክሲ ይዛ ሄደች። በሚኒባስ፣ ያን ቀለም ይዛ፣ ሳታጠፋው! ማታ ደውላ «ደርሻለሁ» አለች። ስለሱ ምንም አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እና እኔ ሰኞ ሥራ ልሄድ ፋውንዴሽኑን አወጣሁ። ክዳኑን ከፈትኩት። ትንሽ እጄ ጀርባ ላይ አደረግኩ። በሱ ውስጥ ያለው ቡኒና ቀይ አይረን ኦክሳይድ ነው፣ የዝገት ዘመድ፤ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታየውን ብርሃን ደግሞ እሱ ይከለክላል፣ ሐኪሞች ቀለም ያለው ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ተጠቀሙ የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ መቀባት ለራሱ ለማድያቱም ይጠቅማል፣ ማለቴ መሸፈንና መከላከል አንድ ላይ… ይኼን ለራሴ እያስረዳሁ ቆሜ ሰዓቱ ሄደብኝ። ሰንስክሪን ብቻ ተቀብቼ ወጣሁ። ማክሰኞ ግን ተቀባሁ፣ ሙሉውን። ትናንትም። ስለዚህ ምንም የወሰንኩት ነገር የለም፣ ወሰንኩ ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ።

ምናልባት እሷ ዝም ብላ ከብዷት ነው። ፋውንዴሽን ይከብዳል፣ ላልለመደው ፊት ያፍናል። ምናልባት ያን ያህል ነው ነገሩ። እኔ ነኝ የማገላብጠው።

ግን ያ እጇ። ጉንጯን ሳይነካ የቀረው።

ፎጣው አሁንም መታጠቢያ ቤት ተሰቅሏል። ቡኒ፣ ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሰማያዊ። ማጠብ አለብኝ፣ ነጭ ፎጣ ነው፣ ከቆየ አይለቅም። በየቀኑ ነገ እላለሁ።

ቅዳሜ ትመጣለች። ልጠይቃት ይሆን? ወይ ፓሌቷን ጠረጴዛው ላይ ክፍት አድርጌ ልተዋትና ራሷ… እንጃ። ሰውዬው እንደገና ጀመረ፣ ሰማችሁት? ቆይ እስኪያቆም…