ማን ደረደረው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጎረቤት ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ የመዶሻ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ። አዲስ አበባ ነው፣ ምን ይደረጋል።

የዛሬው ወሬ ስለ ሙዚቃ ነው። አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ መስማት ይሻላል ወይስ የሚወዱትን እየለቀሙ ፕሌይሊስት መሥራት? ከጓደኞቼ ጋር ይሄን አንስተን በጣም ተከራከርን። አንዷ «ከአሥራ ሁለት ዘፈን ሁለቱ ናቸው የሚጥሙኝ፣ አሥሩን በምን ዕዳዬ?» አለች። መልስ አጣሁላት። መልሱ የመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፣ ሁሌም እንደዚያ አይደል? ስለዚህ ይሄ ክፍል ለእሷ ነው። ሰምታ ትናደድ።

እኔ የአልበም ሰው ነኝ። ግን የአልበም ሰዎች የምናነሳው መከራከሪያ አንዳንዴ ለራሴም አይጥመኝም። አልበም ማለት የአርቲስቱ ሙሉ ሐሳብ ነው፣ ከመሀል አንዱን ነቅሎ መስማት ነውር ነው እንላለን። ይሄ ለሌላው ዓለም ሙዚቃ ይሠራ ይሆናል። የእኛን ታሪክ ካየን ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ወርቃማው ዘመን የምንለውን ውሰዱ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ። መንግሥት ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ቤት ብቻ ሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት «የመጣው ይምጣ» ብሎ በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፣ ሕንድ አገር ነው የታተመው። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ አወጣ። ትንንሽ ማለት በአንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን፣ አለቀ። ረጃጅሞቹ ሸክላዎች ከደርዘን ብዙም አይርቁም፣ ከእነሱም ውስጥ «ኢትዮጵያን ሂት ፓሬድ» የተባሉት ከየዘፋኙ የተለቃቀሙ ናቸው። ፕሌይሊስት በሉት እንግዲህ!

በኋላም ያው ነው። ዓለም የኛን የድሮ ሙዚቃ ያወቀው በአብዛኛው በስብስብ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያወጣቸው «ኢትዮፒክስ» የሚባሉት ሲዲዎች አሉ አይደል? አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የመረጣቸውና የደረደራቸው ናቸው። የሙላቱ አስታጥቄ ቁጥር 4 ላይ ነው ያለው፤ በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከገባ በኋላ ሙላቱን የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን ያውቀዋል። ከእሱ በፊት በ1986 አውሮፓ ውስጥ የወጣው የማህሙድ አህመድ «እረ መላ መላ» ራሱ ከሁለት የተለያዩ ዓመታት ቅጂ የተገጣጠመ ነው። ሰው ግን «የማህሙድ ድንቅ አልበም» ብሎ ይሰማዋል። ይስማው፣ ድንቅ ነው።

እንግዲህ «አልበም ቅዱስ ነው» የሚለውን እዚህ ጋ እንተወው።

ታዲያ ለምን የአልበም ሰው ሆንኩ? በካሴት ምክንያት ነው።

ቤታችን ቴፕ ነበር። ቴፑ የጋሼ ነው፣ ጋሼ ማለት ታላቅ ወንድሜ። ድንጋይ የሚገዛውም እሱ ስለሆነ ሕጉን የሚያወጣው እሱ ነው። ሕጉ ደግሞ አንድ ነበር፤ ዘፈን ማሳለፍ የለም። ወደፊት ስታስኬዱት ድንጋዩን ይጨርሰዋል። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይጎተታል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትሆናለች፣ ከዚያ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ወደ ኋላ መመለስ ካስፈለገ ካሴቱ ይወጣና በእስክሪፕቶ ይጠነጠናል። ስለዚህ የማትወዱትንም ዘፈን ትሰሙታላችሁ። ወዳችሁ አይደለም፣ ከጋሼ ጥፊ ለመዳን ነው።

እና ምን ይሆናል መሰላችሁ? አንድ ቀን ያ የማትወዱት ዘፈን ይገባችኋል። ሳይድ ቢ ላይ፣ ሦስተኛው ወይ አራተኛው፣ ቀዝቀዝ ያለው፣ ግጥሙ ረዘም የሚለው። በልጅነት «ይሄ ደግሞ መቼ ነው የሚያልቀው» የምትሉት። አድጋችሁ አንድ ሰው ጥሏችሁ ከሄደ በኋላ ትሰሙትና ቁጭ ያደርጋችኋል። ጓደኛዬ «በምን ዕዳዬ» ያለቻቸው አሥሩ ዘፈኖች ውስጥ እንደዚህ ያለ አንድ አይጠፋም። ችግሩ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም። ፕሌይሊስት የምትሠሩት ዛሬ በምትወዱት ነው። የዛሬ አምስት ዓመት የምትወዱትን ዛሬ ከየት ታመጡታላችሁ?

ይሄን ስል የኛ አልበም እንዴት እንደሚሠራም ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የጾም በየዓይነቱ ናቸው። አንድ ጉራግኛ አለ፣ አንድ የኦሮምኛ ምት አለ፣ አንድ ትግርኛ፣ አንድ ስለ አገር፣ አንድ ለሰርግ የሚሆን፣ አንድ ትዝታ፣ የቀረው ፍቅር። ዘፋኙ ማንንም ቅር ማሰኘት አይፈልግም። ስለዚህ ሰው እየመረጠ ቢሰማ አልፈርድበትም፣ አልበሙ ራሱ «የሚስማማህን አንሳ» ብሎ ነው የቀረበው።

ግን እንደዚያ ያልሆኑ አሉ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ የቀዳው ካሴት አለ። ድምፃዊ የለበትም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ስሜት ነው፣ ከመሀል አንዱን አውጥታችሁ በሌላ ዘፈን መሀል ብትሰኩት ምንም አይመስልም። ያ ካሴት ተረስቶ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ወጣ። ኃይሉ ያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለምን ዞሮ መጫወት ጀመረ። ደንበኛ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር ሲባል ስሰማ ሁሌ ደስ ይለኛል።

የጂጂን ደግሞ ስሙ። በ2001 የወጣው፣ በራሷ ስም የተሰየመው አልበም። «አድዋ»ን ሁላችንም እናውቀዋለን። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ እሱን ነው የሚለው፣ ባንዲራ ይታያል፣ ሰልፍ ይታያል። አልበሙ ላይ ግን የት እንዳለ ታውቃላችሁ? መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የዘፈነችው ስለ ፍቅር ነው፣ ስለ ዓባይ ነው፣ ስለ ዋሽንት ነው፣ ስለ ናፍቆት ነው። ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ትልልቅ ሰዎች የተጫወቱበት፣ ድምፅ የበዛበት አልበም ነው። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ «አድዋ» ይመጣል። በዚያ ቅደም ተከተል ስትሰሙት የበዓል ዘፈን አይደለም። ስትናፍቅ የቆየች ሴት «ይሄ የምናፍቀው ነገር በምን ተገኘ?» ብላ በመጨረሻ የጠየቀች ነው የሚመስለው። እኔ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ። ብቻውን ስሰማው አይሰማኝም። ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ነው የምሰማው፣ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን እንደተሰማ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ነው። የድሮ ዘፈኖቻችን በ30 ሰከንድ ውስጥ ገና መግቢያቸውን እየተጫወቱ ነው! ሳክስፎኑ ሰላምታ አልጨረሰም፣ ድምፃዊው ጉሮሮውን አልጠረገም። አሁን የሚወጡ ዘፈኖች ለምን ተንደርድረው ግጥሙ ውስጥ እንደሚገቡ ግልጽ ነው። በ2021 አዴል አዲስ አልበም ስታወጣ ስፖቲፋይን ለምና የአልበም ገጽ ላይ ዋናው ቁልፍ ማደበላለቁን፣ ሻፍል የሚሉትን፣ ትቶ በተራ እንዲያጫውት አስደርጋለች። አዴልን የሚያክል ሰው እንኳ ዘፈኖቿ በደረደረቻቸው ተራ እንዲሰሙላት ጥያቄ ማቅረብ አለባት ማለት ነው።

የኛ ሚኒባስ ደግሞ የራሱ ሻፍል አለው። ታክሲ ውስጥ ፍላሹ ላይ ያለውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ከቴሌግራም የወረዱ አልበሞች ሁሉ አንድ ላይ ይገለበጣሉ፣ ፋይሎቹ ደግሞ 01፣ 02 እየተባሉ የተሰየሙ ናቸው። ማጫወቻው በስም ሲደረድራቸው የየአልበሙ አንደኛ ዘፈን በሙሉ ተከታትሎ ይመጣል። ዘፋኞቻችን ደግሞ ሞቅ ያለውን ከፊት ነው የሚያስቀድሙት። ከሜክሲኮ ጀሞ እስክትደርሱ መክፈቻ፣ መክፈቻ፣ መክፈቻ። ወራጅ የሚለው ሰው ድምፁ አይሰማም። በ12 ቁጥር የሚጀምር ትዝታ ጋ የደረሰ ተሳፋሪ አላየሁም፣ እስከዚያ ድረስ ታክሲው አዳር ነው።

ድሮ የተለየ ነገር ነበር። በ2012 የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» ለፋሲካ ዋዜማ ሲወጣ መንገዱ ሁሉ እሱን ብቻ ነበር የሚያጫውተው። ስትሄዱ አንዱ ሙዚቃ ቤት የጀመረውን ዘፈን ቀጣዩ ሱቅ ይጨርስላችኋል። አገር ሙሉ አንድ ነገር በአንድ ተራ ይሰማ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰሞን አሁን ይኖር ይሆን? እንጃ።

ፕሌይሊስት እጠላለሁ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ይሄን ስሙኝ።

አክስቴ ጅዳ ለሥራ ስትሄድ ጋሼ ባዶ ካሴት ገዝቶ አስቀዳላት። ያኔ ሙዚቃ ቤት ዝርዝር ይዛችሁ ሄዳችሁ ከፍላችሁ ታስቀዱ ነበር። ዝርዝሩን ሲሠራ አምሽቷል። እየጻፈ ይሰርዛል፣ ይቀድዳል፣ እንደገና ይጽፋል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሳይድ ኤ ላይ ትዝታ አይገባም» አለኝ። «ገና እንደደረሰች ታለቅሳለች። መጀመሪያ ጨዋታ ትስማ፣ ከለመደች በኋላ ገልብጣ የፈለገችውን ታልቅስ።» የሁለቱን ፊት ደቂቃ እንኳ ደምሯል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን መሀሉ ላይ እንዳይቆረጥ።

አክስቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ለእረፍት መጣች። አንድ ሰርግ ላይ ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱ ተከፈተ። ዘፈኑ ሲያልቅ እሷ ቀጣዩን ማንጎራጎር ጀመረች፣ ዲጄው ግን ሌላ አስገባ። ዞር ብላ «ተሳስቷል እኮ» አለችኝ፣ ከልቧ ነው። ለእሷ ከዚያ ዘፈን ቀጥሎ የሚመጣው ጋሼ የጻፈው ነው። ሌላው ስህተት ነው።

ያ ካሴት አልበም ነው ወይስ ፕሌይሊስት? ለእኔ ግድ አይሰጠኝም። ሰው ደርድሮታል። ፋልሴቶም የደረደረው ሰው ስለሆነ ነው ኢትዮፒክስን እንደ አልበም የምሰማው። እኔን የሚያናድደኝ ማንም ያልደረደረው ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ከፍቼ ሽንኩርት መክተፍ እጀምራለሁ፣ ቁሌቱ ሳይበስል ከሦስት ዘፈን በኋላ የማላውቀው ልጅ ስለማላውቀው ነገር እየጮኸ ነው፣ እጄ ሽንኩርት ስለሆነ ስልኩን መንካት አልችልም። ማን ነው ይሄን ከጥላሁን ቀጥሎ ያስቀመጠው? የምጠይቀው ሰው የለም። ጋሼን ቢያንስ ጠይቄው ነበር።

ሌላው የናፈቀኝ የካሴት ሽፋን ነው። ከውስጥ ታጥፎ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ የሚለው። ኤልያስ መልካ የሚባል የሙዚቃ አቀናባሪ እንዳለ ያወቅኩት እዚያ ላይ ነው። የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» እና የዘሪቱን አልበም እየደጋገምኩ ስሰማ ሁለቱም ውስጥ አንድ እጅ እንዳለ ጆሮዬ ነገረኝ፣ ሽፋኑን ሳይ እውነት ሆነ። ከየአልበሙ አንድ አንድ ዘፈን ለቅሜ ብሰማ ኖሮ የማውቀው አይመስለኝም። ኤልያስ በ2019 ነው ያረፈው፣ በዚያው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ አስጀምሮ ነበር፣ ባለሙያው ከዘፈኑ እንዲጠቀም ብሎ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ ሙሉ ክፍል እሠራለሁ፣ አሁን ከገባሁበት አልወጣም።

እና ለጓደኛዬ፤ አሥሩን ተሸከሚ አልልሽም። አንድ አልበም ምረጪ፣ ሁለቱን የምትወጃቸውን ጨምሮ በተራው ስሚው፣ እቃ እያጠብሽም ቢሆን። ካልሆነልሽ ደግሞ ፕሌይሊስትሽን ላኪልኝ፣ ግን መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ደርድሪው፤ ከምን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አስቢበት።

እናንተም ላኩልኝ፣ በተራ ቁጥር። ሻፍል አድርጌ እንድሰማ የሚጽፍልኝ ሰው ግን መልስ አይጠብቅ። ቻው፣ ሳምንት እንገናኝ።