ሞተር በአይሱዙ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሀዋሳ

ሰላም፦ እሺ፣ ቀረጻው ጀምሯል። ሄኖክ፣ ዛሬ ለራሴ ጉዳይ ነው የማስለፈልፍህ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠቅልለን ሀዋሳ እንገባለን። ለዕቃው አይሱዙ ተከራይተናል። የወንድሜ ሞተር ሳይክል፣ ቦክሰሯም፣ አብራ ትጫናለች።

ሄኖክ፦ ከዕቃው ጋር?

ሰላም፦ አዎ። ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?

ሄኖክ፦ የአክስቴ ቁም ሳጥን ትዝ ብሎኝ ነው።

ሰላም፦ (እየሳቀች) በል አውጣው።

ሄኖክ፦ 2011 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፈቃድ ካላቸው በቀር፣ ሞተር ተከለከለ አይደል? ግቢ ቆማ አቧራ ከምትጠጣ ብዬ፣ አክስቴ ወደ ሀዋሳ ስትሄድ ከዕቃዋ ጋር ጫንኳት። ጫኝና አውራጆቹ አራት ሆነው ብድግ አድርገው ካሶኒው፣ ማለት የመኪናው ዕቃ መጫኛ ላይ አወጧት። በጎን መቆሚያዋ አቆሟት። በኮርቻዋ ላይ ገመድ አሳልፈው ጥፍር አድርገው አሰሯት። «ንቅንቅ አትልም፣ ብራዘር» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ሰላም፦ ከዚያስ?

ሄኖክ፦ መቂ ሳንደርስ «ጓ!» አለ። ሸራውን ስንገልጠው መሪዋ የቁም ሳጥኑን በር በስቶ ገብቷል። ቤንዚኑ ደግሞ ፍራሹ ላይ። አክስቴ ሀዋሳ እስክንገባ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ሰላም፦ ገመዱ ተበጥሶ ነው?

ሄኖክ፦ ምንም አልሆነ! የገረመኝ እሱ ነው። በኋላ አንድ መካኒክ ነው የገለጠልኝ። ሞተር ሞላ አላት። መኪናው ጉብታ ሲዘል ወደ ታች ትጫናለች። ስትጫን፣ ጥፍር ተደርጎ የታሰረው ገመድ ይላላል። በዚያች ቅጽበት መቆሚያው ከተንሸራተተ አለቀ። ስለዚህ ስትታሰር ሞላ ያለበት የፊት አሞርዛተሩ አስቀድሞ መጨመቅ አለበት። ግማሽ ያህል፣ ወይም ትንሽ አነስ ብሎ። እስከ ጥግ ግን አይወርድም፤ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ይጎዳና ያፈሳል።

ሰላም፦ በገመድ ይጨመቃል?

ሄኖክ፦ የናይሎን ገመድ ይለጠጣል፣ እሱ ለፍራሹ ይሁን። በመወጠሪያ የሚጠብቀውን ሰፊ ቀበቶ ፈልጉ፣ የጭነት ሾፌሮች የሚይዙትን። አራት ያስፈልጋችኋል። ሁለቱ ከመሪው ሥር፣ አሞርዛተሮቹን ካያያዘው ብረት ላይ ይነሱና ግራና ቀኝ ተከፍተው ወደ ፊትና ወደ ታች ይወጠሩ። ሁለቱ ከኋላ፤ እነሱ ጭራዋ እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው። የፊት ጎማዋ ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ይደገፍ። ቀበቶውን ደግሞ በካሶኒው የጎን መዝጊያ፣ ስፖንዳው ላይ እንዳታስሩት፣ ስፖንዳ ይከፈታል። ወለሉ ላይ ወይም ከሥር ያለውን መንጠቆ ፈልጉ።

ሰላም፦ መቆሚያዋስ?

ሄኖክ፦ ይታጠፍ።

ሰላም፦ እንዴ! ታዲያ ምን ያቆማታል?

ሄኖክ፦ ቀበቶው። በመቆሚያው ላይ እያለች ከወጠራችኋት፣ ያ ሁሉ ኃይል እዚያች ቀጭን ብረት ላይ ነው የሚያርፈው። ወይ ብረቷ ትጣመማለች፣ ወይ የተበየደችበት ይሰነጠቃል።

ሰላም፦ መጫኑንስ? ወንድሜ «አራት ሰው ይበቃል» ነው የሚለው።

ሄኖክ፦ ቦክሰር ከ100 ኪሎ በላይ ናት፤ አራት ሰው ያነሳታል። ችግሩ የሚያነሱበት ቦታ ነው። አንዱ መስታወቷን ይይዛል፣ አንዱ ፍሬቻዋን። የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን ይዞ «ተቃጠልኩ!» የሚልም አይጠፋም። እኔ የምመርጠው፣ ሾፌሩ መኪናውን ወደ ኋላ ነድቶ ከፍ ያለ አፈር ጋ ያስጠጋልሽ። ካሶኒውና መሬቱ ከተቀራረቡ ወፍራም ጣውላ ይበቃል። ጣውላው ራሱ ይታሰር፣ አለዚያ ከሥራችሁ ይሸሻል። ለሞተሯ አንድ፣ አጠገቧ ለሚራመደው ሌላ።

ሰላም፦ ነድቶ ቢያወጣትስ?

ሄኖክ፦ ወንድምሽን ከወደድሽው አይነዳም! ተገፍታ ነው የምትወጣው። ስትወርድ ደግሞ ሞተሯ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ይግባ። በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ቀስ እያለ ያወርዳታል። ከፈጠነችበት ፍሪሲዮኑን ይልቀቅ፤ የኋላ ጎማዋ ቀጥ ይላል። እጁ የፊት ፍሬን ላይ፣ እግሩ ጣውላ ላይ ስለሆነ የእግር ፍሬኑን አይደርስበትም፤ ለዚህ ነው።

ሰላም፦ ይሄንን አላውቅም ነበር። ቤንዚኑንስ ቀድተን እናውጣው?

ሄኖክ፦ ጥቂት ይቅር፣ ሀዋሳ ማደያ የምታደርሰውን ያህል። የቤንዚን መዝጊያዋን ዝጉ። ሸራ የለበሰ ካሶኒ ውስጥ ሽታው ሶፋውን ከያዘው አይለቅም። ሲጋራ የሚያጨስ ረዳት ካለም ከዕቃው ጋር አይቀመጥ። ሊብሬዋንም ወንድምሽ በኪሱ ይያዝ፣ ኬላ ላይ ይጠየቃል።

ሰላም፦ ሞተሯ ትቅደም ወይስ ዕቃው?

ሄኖክ፦ ሞተሯ። መጀመሪያ ገብታ ትታሰር፣ ዕቃው ከኋላዋ ይደርደር። ግን ካርቶን አታስደግፉባት። ቢሾፍቱ ስትደርሱ አቁማችሁ ቀበቶዎቹን በእጅ ሞክሩ። መጀመሪያ አካባቢ ነው የሚላሉት። ከዚያ ባቱ ላይ አንዴ።

ሰላም፦ ባቱ ላይማ ለዓሣም መቆማችን አይቀርም።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ከዓሣው በፊት! ሌላው ደግሞ፣ ከጫኞቹ ጋር ስትዋዋሉ ሞተር እንዳለ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዕቃው ካለቀ በኋላ ካዩዋት ዋጋው ሌላ ነው።

ሰላም፦ ቁም ሳጥኑስ መጨረሻው ምን ሆነ?

ሄኖክ፦ አለ። ቀዳዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተለጥፎበታል። በየዓመቱ የምገዛው እኔ ነኝ።