«ቡና» ሲባል «ቢና» የጻፈው ልጅ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ጥፋቴን በማመን ልጀምር። ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ ጎንደር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች በማስተምርበት ክፍል የቃል ጽሕፈት ሰጠሁ። አንዱ ልጅ «ቡና» ስል «ቢና» ጻፈ። «ኩባያ» ስል «ኪባያ»። ከአሥር ዜሮ ሰጠሁት። በማግስቱ እናቱ መጣች። ስፌት ትሰፋ ነበርና ከዘንቢሏ አንድ ስንደዶ መዝዛ ለልጁ ሰጠችው። «መምህር፣ እጁን ተዉትና ዓይኑን ጠይቁልኝ» አለችኝ። «ቡ» አልኩ፤ ስንደዶውን የፊደል ገበታው «ቡ» ላይ አሳረፈ። «ቢ» አልኩ፤ ወደ ቀኝ አንድ ፈቀቅ አለ። አንድም አልሳተም።

ቡን ከቢ የሚለየው ምንድን ነው? ከቀኝ እግሩ የምትቀጠል አንዲት ጭረት። ወገቡ ላይ ካረፈች ካዕብ፣ እግሩ ሥር ካረፈች ሣልስ። ደብተር ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ልጁ የጎደለችው ይህችው ሚሊ ሜትር እንጂ ፊደሉ አልነበረም።

ለምን ትጎድለዋለች? እስቲ ቀኝ ክንዳችሁን በግራ እጃችሁ ያዙና ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። ከቆዳው ሥር የሚላወሰው ተሰማችሁ? ጣትን የሚያጥፉት ዋነኞቹ ጡንቻዎች ያሉት እዚያ፣ ክንድ ላይ ነው። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው፣ አብሮ የሚወለድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ልጆች ጡንቻው ይለሰልሳል፣ መገጣጠሚያን የሚይዙት ጅማቶች ይላላሉ፣ ጣቶቹም አጠር ይላሉ። እርሳሱን ጠበቅ ሲያደርገው ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ላላ ሲያደርገው ይወድቃል። በሌሎቹ ደግሞ ጡንቻው ደህና ሆኖ፣ የቱ ጭረት ቀድሞ የቱ እንደሚከተል አእምሮ ለማቀናጀት ይቸገራል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱም አሉ፤ ቫልፕሮኤት የሚባለው እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ታዲያ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ ለሐኪሙ ንገሩ።

አንድ ነገር አደራ። ዳውን ሲንድሮም ያለበት፣ እስከ ትናንት አዝራሩን ይቆልፍ የነበረ ልጅ ዛሬ ካቃተው፣ አረማመዱም ከተለወጠ፣ «ሰነፈ» አትበሉ። የአንገቱ የላይኛው መገጣጠሚያ ላልቶ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ሳታሳድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ወደ ክፍላችን ልመለስ። ሦስት ልጅ በአንድ ዴስክ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ ሆኖ ማን ነው ቀጥ አድርጎ የሚጽፈው? ከእግሩ ሥር ጣውላ አድርጉለት። እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩለት። የወለቃን የሸክላ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ምስር መልቀም፣ ገበጣ መጫወት ጣት ያፍታታል፤ ጽሕፈት የሚሻሻለው ግን በመጻፍ ነው፤ በየቀኑ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጎ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲያችን ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያዳግታቸውን ሰዎች የሚያግዝ የሕክምና ሙያ፣ ያስተምራል፤ ሙያቸው ይኸው ነውና ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

እኔ የቄስ ተማሪ ነበርኩ። (ኩርኩሙን ዛሬም አልረሳውም፤ እሱን እንኳ አንድገመው።) የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን በእጃችን የነበረው ስንደዶ ነው፣ እርሳስ አይደለም። ዳዊት የሚደግም ሰው አንዲት ፊደል ሳይጽፍ ሊኖር ይችል ነበር፤ ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነው። «አይጽፍምና አያነብም» ያለው አልነበረም። ሁለቱን አንድ አድርገን በአንድ ማርክ የምንጥል እኛ ነን።

ስለዚህ መምህራን፣ የሰኔው ፈተና ሲደርስ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ እጁ እንቢ ያለው ልጅ በአፉ ይመልስ፣ በጣቱ ይጠቁም፣ የተቆራረጡ ፊደላትን ይደርድር። ጽሕፈቱንም አለማምዱት፤ ዕውቀቱን ግን በሱ አትለኩት።

ያንን ልጅ በሳምንቱ ከካርቶን በቆረጥኳቸው ፊደላት ደግሜ ፈተንኩት። ከአሥር ዘጠኝ አገኘ። የሳተው «ንጉሥ» ላይ ነው፤ በንጉሡ «ሠ» ፈንታ እሳቱን «ሰ» ሰድሮ። እሱን እኔም እሳሳተዋለሁ።

አመሰግናለሁ።