ስለ መስታወቱ ቤትና ስለ ውሃ ተራው፦ የሊቀመንበሯ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። ክቡራን እንግዶች፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ በቃ ፕሮቶኮሉን እዚህ ላይ ላብቃው።

ዘንድሮ እዚህ ጎንደር የማህበራችንን ችግኝ ጣቢያ አጠርን፣ ኮሶ፣ ወይራና ጽድ አፈላን፣ ለትምህርት ቤቶችም ሰጠን። ጎበዞች ናችሁ፣ ከልቤ ነው።

አሁን ወደዛ ዓመቱን ሙሉ ሲያጨቃጭቀን ወደከረመው የመስታወት ቤት ልግባ። እንደ ፈረንጅ አገር የዕፅዋት መስታወት ቤት ቀሃ ወንዝ ዳር ይሰራልን ያላችሁ ልጆች፣ ምኞቱ እኔም አለኝ። ግን ለንደን ኪው በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል ያለው የዘንባባ ቤት የሚሉት መስታወት ቤት በፈረንጆቹ ከ1844 እስከ 1848 የተሰራው እኮ የሞቃት አገር ተክል ብርድ እንዳይፈጅባቸው ነው፣ ከስር ውሃ እያፈሉ ነበር የሚያሞቁት። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ተቀምጠን ተክላችንን የሚገድልብን ብርድ ነው እንዴ? በጋው ነው! በመጋቢት ፀሐይ መስታወት ውስጥ የከተታችሁት ችግኝ ይቀቀላል። ደግሞ በፈረንጆቹ በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ለተቅማጥ መድኃኒት ነው ብሎ የጻፈለትን ዋጊኖስ የሚባለውን የአገራችንን ተክል ፈረንጆቹ ብሩሲያ ብለው በስሙ ጠርተውታል፣ እኛ አንድ መደብ እንኳን አልሰጠነውም፣ ይሄ አያሳፍርም?

የጎደለን ጀሪካን የሚሸከም ሰው ነው። ሐምሌ ላይ ለተከላው ስንወጣ ቲሸርቱ አልበቃ አለ፣ ሰው ለፎቶ ተጋፋ። የካቲት ላይ ቧንቧው በፈረቃ ሲሆን "የውሃ ተራ" ብዬ ቴሌግራም ላይ ስጽፍ የአውራ ጣት መዓት ይዘንብልኛል፣ ጠዋት ስደርስ ግን ያለነው እኔ፣ ጥበቃው ጋሼና አንዲት የአስረኛ ክፍል ልጅ ነን፣ ወገቤን ይዤ ከቀሃ ስቀዳ ባሌ እንኳን ሳቀብኝ። ወይራዎቹ ደረቁ፣ በእጄ ነቅዬ ጣልኳቸው።

እንግዳ ሲመጣ ፋሲል መዋኛ ወስደን ግንቡን በስሩ አንቆ የያዘውን ዛፍ "የኛ ነው" እያልን እናሳያለን፣ እሱን ያሳደግነው ግን እኛ አይደለንም፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ።

ያ ሐምሌ ላይ ማይክ ይዞ "እያንዳንዱ ችግኝ ልጄ ነው" ያለን ወንድማችን ዛሬም የለም አይደል? የምትቀርቡት ንገሩልኝ፣ ልጆቹ ውሃ ጠምቷቸዋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተራው የሱ ነው፣ ጀሪካኑን ከጋሼ ይቀበል። መዋጮ ያልከፈላችሁ ደግሞ ከቡናው በፊት ገንዘብ ያዥዋን አግኟት፣ በሩ ጋ ነው ያስቀመጥኳት።