16 ለ 5

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ አሰልጣኞቻችን፣ ልጆቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ አንድ የቆየ ታሪክ ልንገራችሁ። ሩቅ አገር የሆነ አይደለም። እዚሁ ከካንሳስ ሲቲ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት እንኳ ሳትነዱ የምትደርሱባት ሎውረንስ ውስጥ ነው።

በ1898 ዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠሩ። ቅርጫት ኳስን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። በ1891 ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሁለት የኮክ ቅርጫት ሰቅለው፣ 13 ሕግ ጽፈው፣ 18 ተማሪ ለሁለት ከፍለው ያጫወቱት ሰው። ካንሳስ የመጡት ግን ለጸሎት ቤቱና ለሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ነበር። ቡድኑ ከዚያ በኋላ መጣ።

የመጀመሪያ ጨዋታቸው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1899 ነው። ከማን ጋር? ከዚሁ ከከተማችን የዋይኤምሲኤ፣ አገር ቤት ወወክማ የምንለው ማህበር፣ ቡድን ጋር። 16 ለ 5 ተሸነፉ። አምስት ነጥብ! በእርግጥ ያኔ ነጥብ እንዲህ እንደዛሬው አይዘንብም። ቅርጫት በገባ ቁጥር ኳሱ ወደ መሃል ይመለስና ሁለት ሰው ይዘልበታል። ቢሆንም ሽንፈት ሽንፈት ነው። ሕጉን የጻፈው ሰው ቡድን ተሸነፈ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮ ትንንሾቹ ልጆቻችን የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ክፉኛ ተሸንፈዋል። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ልምምድ ቀሩ። ቤታቸው ደወልኩ። አንዱ ስልኩን ተቀብሎ "ጋሼ፣ እኛ እኮ አንችልም" አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን ተመልሷል፤ እዚህ ከፊት ተቀምጧል። ጓደኛው ግን እስካሁን አልመጣም። እባካችሁ፣ ቤተሰቡን የምታውቁ አናግሩልን።

የሎውረንስ ልጆች ከዚያ ቀን በኋላ 10 ጨዋታ ተጫወቱ። ሰባቱን አሸነፉ። ዓመቱን በ7 ድልና በ4 ሽንፈት ጨረሱ።

ዶክተር ኔይስሚዝ በካንሳስ በጠቅላላው 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸንፈዋል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት አሰልጣኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ነገር ግን ከእጃቸው ፎግ አለን የሚባል ተጫዋች ወጣ። ዛሬ ካንሳስ የሚጫወትበት አዳራሽ በእሱ ስም ነው የሚጠራው። አለን ደግሞ በተራው አዶልፍ ረፕንና ዲን ስሚዝን አሰልጥኗል። ሁለቱም ከአሜሪካ ታላላቅ አሰልጣኞች የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ እንግዲህ 60ውን ሽንፈት ሳስብ የሚታየኝ ይህ የሰው ሐረግ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ሁለት ነገር ያቀርብላችኋል። አንደኛው፣ ከ10 ዓመት በታች ላሉት የደረጃ ሰንጠረዥ ይቅር። ዳር ላይ ቆመን ውጤት እየጠራን መጮሁንም፣ እኔን ጨምሮ፣ እንተው። ሁለተኛው፣ ብርዱ ሲያልፍ ልጆቹን ይዘን ሎውረንስ እንሂድ። ኔይስሚዝ የጻፏቸው የ13ቱ ሕጎች ዋናው ወረቀት እዚያ አለ። መቃብራቸውም እዚያው ከተማ ነው።

የመጀመሪያው ላይ ከሪፖርቱ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። ለጉዞው የስም መመዝገቢያ ወረቀቱ ቡናው አጠገብ ነው።